የዘጠነኛው ምዕራፍ ክር

እናትየዋ ክሩን ያየችው አውቶቡሱ በሩን ከዘጋ በኋላ ነው።

ልጅቷ ባዶ ወንበር ፍለጋ ወደ ኋላ ስትራመድ ጀርባዋ በመስኮቱ በኩል ታየ። አዲሱ ጥቁር ሰማያዊ ኮት አብሯት የተወለደ ይመስል ልክክ ብሎባታል። ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ፣ እጅጌው ልክ። ከወገቡ በታች ግን፣ ኮቱ ከኋላ የሚከፈትበት ስንጥቅ ላይ፣ ነጭ ክር ተመሳቅሎ ቁጭ ብሏል። ደህና ዐይን ላለው ሰው ከመንገድ ማዶ ይታያል።

እናትየዋ ክው አለች። ሃያ ሁለት ዓመት በልብስ ሰፊነት ኖራለች። ኮት ተሰፍቶ ሲያልቅ፣ ሲተኮስ ቅርጹን እንዳይለቅ ስንጥቁን በነጭ ክር ትይዘዋለች፤ ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ በመቀስ ጫፍ ቁርጥ አድርጋ ታወጣዋለች። በሰው ኮት ላይ አንድም ቀን ረስታ አታውቅም። የገዛ ልጇ ላይ ረሳች።

"ወይኔ ልጄን!" አለች ጮክ ብላ።

አጠገቧ የቆመው ጋዜጣ አዟሪ ደንግጦ ዞረ። "ምነው እናቴ፣ ልጅ ጠፋብሽ?"

"የለም፣ ሄደች። ከነክሯ ሄደች!"

አዟሪው ሴትየዋን ከእግር እስከ ራሷ አየና ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቀስ ብሎ ራቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ከከተማው ራቅ ብሎ ገጠር ውስጥ በሚገኘው የታላቁ ደራሲ ቤት በአስጎብኚነት ለሦስት ሳምንት ሙከራ ተቀጥራለች። ደራሲው ካረፈ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ቤቱ እሱ እንደተወው ተጠብቆ ሰው ይጎበኘዋል። ሙከራው የሚያበቃው ዛሬ ነው። ዛሬ የቤቱ ኃላፊ የመጨረሻውን ጉብኝት ከኋላ ሆኖ ይከታተላል፤ ከወደዳት ሲመሽ የቤቱን ቁልፍ በእጇ ይሰጣታል። እዚያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ማለት በሩን ቆልፎ የሚወጣ ሰው ማለት ነው። ካልወደዳት ደግሞ ዲፕሎማ የያዘ ሌላ ሰው ተራውን እየጠበቀ ነው። ኃላፊው በአለባበስ ቀልድ አያውቅም። ከእሷ በፊት የነበረችውን አስጎብኚ ያሰናበታት ጫማዋ አቧራ ስለነካው ነው ይባላል። ይህን ያወራቻት ልጅቷ ራሷ ናት፣ እየሳቀች። እናትየዋ ግን ሳቋ አልመጣም፤ ሁለት ቀን እህል አልወርድ ብሏት ነበር።

እንግዲህ ክሩን ያየዋል። ያባርራታል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቤት ትቀመጣለች፣ ትከሳለች፣ ሳል ይጀምራታል። አውቶቡሱ የመንገዱን ጥግ ሳይታጠፍ እናትየዋ ልጇን አስታማ ጨርሳ ነበር።

ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። ኃላፊው በሥራ ሰዓት ስልክ አይወድም። ደግሞም ልጅቷ ሌሊቱን አስምላታለች፦ "እማዬ፣ በፈጠረሽ፣ እዚያ ድርሽ እንዳትዪ። አንቺ ካየሽኝ ያጠናሁት ሁሉ ነው ብን የሚልብኝ።"

የሚቀጥለው አውቶቡስ የሚነሣው ከቀኑ በስድስት ሰዓት ነው። እስከዚያ ሱቋ ገብታ ለመሥራት ሞከረች፤ ጣቷን ሁለት ጊዜ በመርፌ ወጋች፤ አንድ እጅጌ ገልብጣ ገጠመች። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ትንሿን መቀስ በቦርሳዋ ከተተችና በሩን ቆለፈች። እጀታውን ሦስት ጊዜ ነቀነቀችው። ሁልጊዜ ሦስት ነው። "አንደኛው ለሌባ፣ ሁለተኛው ለነፋስ፣ ሦስተኛው ለእማዬ" እያለች ልጅቷ ትቀልድባታለች።

መንገዱን በሙሉ ለራሷ ስታስረዳ ሄደች። መሐላ አፈረስኩ አይባልም፤ ልጄን ላያት አይደለም የምሄደው፤ ክሩን ላወጣ ነው። እንደ ጎብኚ እገባለሁ፣ ከኋላዋ እጠጋለሁ፣ ቀጭ፣ አለቀ። ማንም አያውቀኝም።

አውቶቡሱ ረጃጅም ዛፎች ግራና ቀኝ ከተሰለፉበት የአፈር መንገድ ራስ ላይ ጣላት። መንገዱ ሲያልቅ ቤቱ ብቅ አለ፤ እናትየዋ ቆመች። ትልቅ ግቢ፣ ደረጃ፣ ምሰሶ ጠብቃ ነበር። ያየችው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በኖራ የተቀባ፣ አንድ በርና አራት መስኮት ያለው ቤት ነው። የእሷን ሱቅ ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው። ይሄ ነው? አለች በሆዷ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ ለቅሶ ከዚህች ቤት ነው የወጣው?

የደራሲውን የመጨረሻ መጽሐፍ ያነበበችው ሱቋን በከፈተች በሁለተኛው ዓመት፣ ልጅቷን አዝላ ነው። ወንዝ ተሻግሮ የሄደ ልጇን የምትጠብቅ የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይዘንባል። መጽሐፉ ዘጠኝ ምዕራፍ አለው፤ ዘጠነኛው ላይ ድንገት ያቆማል። "ዝናቡ አባራ። ወንበሯን ወደ ደጅ አወጣች።" በቃ፣ ይኸው ነው። ከሥሩ አሳታሚው "ደራሲው ሥራውን ሳይጨርስ አረፈ" ብሎ ጽፎበታል። እናትየዋ ያን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው አታውቅም። ባነበበችው ቁጥር የቀረው ምን እንደሆነ ይታያታል፦ ሰዎች የልጁን ሬሳ ተሸክመው በመንገዱ ይመጣሉ። ሌላ ምን ሊመጣ ይችላል? ባይጨርሰው ተሻለ፣ ትል ነበር።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ቁጥቋጦ ይከረክማል። መቀሱ ክንድ ያህላል።

"የልጅቷ እናት ነሽ" አላት፣ ቀና ሳይል።

"የየቷ ልጅ? እኔ... ጎብኚ ነኝ።"

"ዐይናችሁ አንድ ነው። እሷም የሆነ ነገር ሊወድቅባት እንደሆነ ሰው ነው የምታየው።"

እናትየዋ ዙሪያዋን ቃኝታ ቀረበችው። "አባባ፣ እባክዎ አያጋልጡኝ። ኮቷ ላይ ክር ረስቼ ነው። እሱን ቆርጬ እመለሳለሁ።" መቀሷን ከቦርሳዋ ብቅ አድርጋ አሳየችው።

ሽማግሌው የእሷን መቀስ አየ፣ የራሱን አየ። "በመቀስ እንኳ እኔ እበልጥሻለሁ" አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቶሎ ጠፋ። "ለክር ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ መጣሽ? እኔም አንድ ጊዜ ለክር ብዬ ከዚህ እስከ ገበያ ሄጄ ነበር። ስመለስ ጊዜው አልፏል። ግቢ፣ ግቢ፤ ሊጀምሩ ነው።"

የመጨረሻው ጉብኝት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። አስራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ከፊት አንድ ጡረተኛ መምህርና ሚስቱ፣ ከመጨረሻ ኃላፊው። ኃላፊው ቀጭን፣ ጢሙን ሙልጭ ያደረገ፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ሠራተኞቹ በሌለበት "አቶ እስቲ" ይሉታል፤ ያለ "እስቲ" አፉን አይከፍትም።

"እስቲ እንጀምር" አለ።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ጎብኚዎቹ አዞረች፤ ፈገግታዋን እንዳዘጋጀች እናቷን ከመምህሩ ትከሻ በላይ አየቻት። ፈገግታው ባለበት ደረቀ። በዐይኗ ብቻ "ምነው እማዬ!" አለቻት። እናቷም በዐይኗ "ዙሪ! ዙሪ!" አለቻት። ልጅቷ ምን እንደተባለች አልገባትም፤ ጭራሽ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች።

በሩ ላይ ለጎብኚዎች ጫማ ላይ የሚጠለቅ የጨርቅ ከረጢት ታደለ፣ ወለሉ እንዳይጎዳ ተብሎ። እናትየዋ አጠለቀችና ስፌቱን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ይህን የሰፋ ሰው እጁ ላይ ቂም አለበት።

ከዚያ ገቡ፤ ስለ ስፌት ማሰቧንም ረሳችው።

መጀመሪያ ወጥ ቤቱ ነው። አንድ ኩባያ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ወንበር። ኩባያው እጀታው ተሰብሮ ተለጥፏል። በመስኮቱ ደፍ ላይ የመነጽር ቤት ተቀምጧል፤ ክዳኑ ክፍት ነው። ልጅቷ ድምፅዋ መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቀስ በቀስ ግን ረጋ። "ደራሲው ጠዋት እዚህ ቆሞ ነበር የሚበላው። ከተቀመጥኩ እሰንፋለሁ ይል ነበር።" እናትየዋ ወለሉን አየች። በምድጃውና በመስኮቱ መሀል እንጨቱ ሰርጎድ ብሏል፤ ሠላሳ ዓመት የቆመበት ቦታ ነው። ለመርገጥ ፈራችና በጎን ዞረችው።

በኮሪደሩ የሰቀለው ካፖርት አሁንም ተሰቅሏል። የቀኝ ክርኑ ተበልቶ ተጥፏል። የጣፈው የወንድ እጅ ነው፤ ግን የሚያውቅ እጅ። ክሩ ባይመሳሰልም ርቀቱ እኩል፣ ጥግ ጥጉ ሁለት ጊዜ የተመለሰ። መጽሐፉን ስታነብ አምላክ ነገር አድርጋ ነበር የምታስበው። እዚህ ክርኑን የሚጥፍ ሰው ሆኖ አገኘችው፤ ይህ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ አስፈራት።

ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲተላለፍ ወደ ልጇ ተጠጋች። ነጩ ክር ከፊቷ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። መቀሷን አወጣች። እጇን ስትዘረጋ፣

"እስቲ እናቴ፣ ወደ ግድግዳው አይጠጉ" አለ ኃላፊው ከኋላዋ።

መቀሱን እጅጌዋ ውስጥ ሸሸገች። ቀዝቃዛው ብረት ክንዷ ላይ ተኛ፤ ልቧ ደግሞ እንደ ስፌት መኪና ይመታል።

የመጨረሻው ክፍል የሚጽፍበት ነው። ሁሉም ሲገቡ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ በሉ ያላቸው የለም። ጠረጴዛው መስኮቱን ፊት ለፊት ያያል። ከፊቱ ጫፍ ላይ፣ ክንዱን ያሳረፈበት ቦታ፣ ቀለሙ ለቅቆ እንጨቱ እንደ ቆዳ አብረቅርቋል። መስኮቱ ላይ መንገዱ ይታያል፤ ራሷ የመጣችበት የአፈር መንገድ፣ ዛፎቹ ግራና ቀኝ። እናትየዋ ትንፋሿን ያዘች። ይህ መንገድ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ነው። ሴትየዋ ልጇን የምትጠብቅበት መንገድ፤ እሷ ራሷ ሃያ ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ሬሳ ሲመጣበት ያየችው መንገድ። ዛሬ ግን በእሱ የመጣው እሷ ናት፣ መቀስ ይዛ።

ከጠረጴዛው ጎን በመስታወት ሳጥን ውስጥ የመጨረሻው መጽሐፍ የእጅ ጽሑፍ ተደርድሯል። ስምንቱ ምዕራፎች እያንዳንዳቸው በግራ ጠርዛቸው ታጥፈው በወፍራም ክር ተሰፍተዋል። ዘጠነኛው ብቻ ልቅ ወረቀት ነው። አጠገባቸው አንድ ወፍራም፣ ጠንካራ መርፌ አለ፤ ሥሩ "ደራሲው አዝራሩን የሚተክልበት መርፌ" ተብሎ ተጽፏል።

በዚህ መርፌ? አለች እናትየዋ በሆዷ። በዚህ አዝራር የሚተክል ሰው ሸሚዙን ነው የሚገድለው።

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይህ የጉብኝቱ ዋና ቦታ ነው፤ ኃላፊውም እጁን አጣምሮ ቀረበ።

"ይህ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ ነው" አለች። "ራስጌው ላይ፣ በግራ በኩል፣ ደራሲው በቀይ እርሳስ አንድ ቃል ጽፏል፦ ይሰፋል። ምዕራፉን ሊያሰፋው አስቦ ነበር ማለት ነው። ግን በማግስቱ ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ዐርፎ ተገኘ። እንዴት ሊያሰፋው እንደነበር ማንም አያውቅም። ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል።"

"ያውም እንዴት!" አለ ጡረተኛው መምህር ወደ ሚስቱ ዞሮ። "እኔ ራሴ በዚህ ቃል ተማሪ ጥያለሁ።"

"አንተ በምን ያልጣልከው አለ" አለች ሚስቱ።

ሰዎቹ ሳቁ፤ ኃላፊውም ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ደስ ብሏታል፤ እናቷ ከትከሻዋ አቀማመጥ አወቀች። እንግዲህ አበቃ፤ አሁን ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ቁልፍ።

እናትየዋ ግን የምትሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። ሳጥኑ ላይ አጎንብሳ ስፌቱን እያየች ነበር። እንዴት ያለ ስፌት ነው! ቀዳዳው ከቀዳዳው እኩል፣ ክሩ የተወጠረው ልክ፣ ሳይበዛ ሳያንስ። የስድስተኛው ምዕራፍ ጠርዝ በዕድሜ ብዛት ትንሽ ተገልብጦ ቆሟል። የመስኮቱ ብርሃን በጎን ገባበትና እጥፉ ሥር አንድ ቀይ ነገር ታየ።

ፊደል ነው። "ይ"። ቀጥሎ "ሰ"። ከዚያ ክሩ ራሱ በላዩ አልፎበታል።

የስድስተኛውም ምዕራፍ ራስጌ ላይ ያው ቃል ነበረ ማለት ነው። የተሰፋው ከተጻፈ በኋላ ነው።

እናትየዋ የሳጥኑን ጠርዝ ያዘች። ዝም ልትል ነበር። በእውነት ዝም ልትል ነበር። ልጇ ከቁልፉ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው የቀራት፤ አንድ ቃል ከተነፈሰች ሁሉ ነገር ይበላሻል፣ ያውም በእሷ አፍ። ከንፈሯን ነከሰች። ከንፈሯ ግን አልታዘዛትም።

"የባንኩ ሰውዬ ሱሪ" አለች፣ በሹክሹክታ።

ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ልጅቷ አስራ አራት ዓመቷ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሱቅ ታግዝ ነበር። እናትየዋ በየልብሱ ላይ ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ትሰካለች፦ ይጠባል፣ ያጥራል፣ ይሰፋል። አንድ ቀን የባንክ ሠራተኛ ሱሪ ጎኑ ተተርትሮ መጣ፤ "ይሰፋል" ብላ ሰክታበት ክር ልትገዛ ወጣች። በመርፌና በክር ይሰፋል ማለቷ ነው። ልጅቷ ግን ጠባብ ሱሪ መሰላት፤ የቀረውንም ጎን ተርትራ ካለው ጨርቅ ሁሉ አስፍታ ጠበቀቻት። ሰውዬው ሱሪውን ለብሶ በወገቡ በኩል ወደ ታች አየና "እመቤት፣ ሌላው ሰው መቼ ነው የሚመጣው?" አለ። ከዚያ ወዲህ እናትየዋ ሁለቱን በአንድ ቃል ጽፋ አታውቅም። ፊደሉ አንድ ነው፤ "ሰ" ሲላላ ወርዱ ይጨምራል፣ "ሰ" ሲጠብቅ መርፌ ይገባል።

ልጅቷ በንግግሯ መሀል ቆመች። እናቷን አየች። ሳጥኑን አየች። የተሰፉትን ስምንቱን፣ ያልተሰፋውን አንዱን።

"እማዬ!" አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ጎብኚዎቹ ሁሉ ወደ እናትየዋ ዞሩ።

"እስቲ" አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ፣ "እናትሽ ናቸው?"

"ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች እናትየዋ። "እሷ እንዳልመጣ አስምላኛለች። እኔ ለክር ነው የመጣሁት።" በድንጋጤ እጇን ስታወናጭፍ መቀሱ ከእጅጌዋ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንቀጫቀጨ። የመምህሩ ሚስት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እናትየዋ መቀሱን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው።

ልጅቷ ግን አልሰማችም። ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ አንገቷን አዘንብላ በእጥፉ ሥር ትመለከታለች። ስትነሣ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቅድም የነገርኳችሁ ስሕተት ነው" አለች ለጎብኚዎቹ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ በስሕተት ነው ስናገር የከረምኩት። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይም ያው ቃል አለ፤ እዩት፣ ክሩ በላዩ አልፏል። አንድ ምዕራፍ ሲጨርስ ይሰፋል ብሎ ይጽፍበታል፤ ከዚያ ይሰፋዋል። እናቴም ሱቋ ውስጥ እንዲሁ ነው የምታደርገው።" በጣቷ ወደ ልቁ ወረቀት አመለከተች። "ዘጠነኛው የቀረው መስፋት ብቻ ነው። ጽሑፉ አልቋል።"

ኃላፊው መነጽሩን አውጥቶ በመሀረብ ጠረገ፣ አደረገ፣ ኮቱን ሰብስቦ እሱም ተንበረከከ። ብዙ ቆየ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

"እስቲ አባባን ጥሩልኝ።"

አትክልተኛው ከረጢቱን ጫማው ላይ አጥልቆ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ዓይኖቹ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፤ ለአንድ አፍታ ሰላምታ ሊሰጥ የከጀለ መሰለ።

"አባባ፣ ያ መርፌ ለምን ነበር?"

"ለመስፋት ነዋ። ያኔ ስትጠይቁኝም ለመስፋት ነው ብያችኋለሁ። አዝራር ያላችሁት እናንተ ናችሁ።"

"ወረቀት ነበር የሚሰፋው?"

"ምን እንደሚሰፋ እኔ ምን አውቄ፤ ሲሠራ ሰው አያስገባም። ክር የማመጣለት ግን እኔ ነበርኩ።" ኮፍያውን አገላበጠ። "የመጨረሻው ቀን ማታ በዚያ መስኮት ጠራኝ። ደስ ብሎታል፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። 'ክር አልቆብኛል፣ ነገ ገበያ ስትወርድ አምጣልኝ' አለኝ። በማግስቱ ይዤ ስመጣ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቧል። ለማን ልስጠው? ቤቴ አስቀመጥኩት። አሁንም አለ።"

የመምህሩ ሚስት አፏን በእጇ ያዘች። መምህሩ "ዝናቡ አባራ፤ ወንበሯን ወደ ደጅ አወጣች" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ደገመው፤ በሁለተኛው ጊዜ እንደ ታሪኩ መጨረሻ አድርጎ አለው። ሌላ ዐረፍተ ነገር መሰለ።

እናትየዋ መስኮቱን አየች። መንገዱ ባዶ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ ተኝቶበታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ የጠበቀችበት መንገድ። ለካ የሚመጣ ሬሳ የለም። ለካ ያ ሰው እዚህ ተቀምጦ፣ ይህን እያየ፣ ዝናቡን አቁሞ፣ ወንበሩን አውጥቶ፣ በቃ ብሎ፣ ደስ ብሎት ክር ጠየቀ። አንዲት እናት ደጅ ተቀምጣ መንገድ እያየች፣ ምንም ክፉ ነገር ሳይመጣባት ታሪኩ ያልቃል። እንዲህም ማለቅ ይቻላል?

"እስቲ ጉብኝቱ እዚህ ላይ ያብቃ" አለ ኃላፊው ተነሥቶ። "ነገሩ ለሚመለከታቸው ይነገራል፤ ባለሙያ ያየዋል። እስከዚያ እኔም እናንተም ምንም አላልንም።" ወደ ልጅቷ ዞረ። "አንቺ እስቲ ቢሮ ነይ።"

እናትየዋ ከደስታዋ ላይ እንደ ተገፋች ወደቀች። ይኸው፣ አለች። ይኸው መጣ።

ግቢው ውስጥ፣ የዛፍ ጉቶ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ቢሮው ውስጥ የኃላፊው ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ፀሐይ ከዛፎቹ ኋላ ገባች። አትክልተኛው ከቤቱ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ መጣና ጎኗ ተቀመጠ። ሲከፍተው ውስጡ አንድ ጥቅል ክር አለ፣ ሰም የተቀባ፣ ጫፉ እንኳ ያልተፈታ፣ የሱቁ ወረቀት እንደተጠቀለለበት። እናትየዋ ልትነካው እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

"ንኪው፣ ክር እኮ ነው" አላት።

በጣቷ ጫፍ ነካችው። ጥሩ ክር ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ እንኳ አይበጠስም።

"ልጄን ያባርሯታል፣ አባባ። በእኔ አፍ።"

"ሊሆን ይችላል" አለ ሽማግሌው። ማጽናናት የማይችልበት ሰው ነው።

የቢሮው በር ተከፈተ። ፊት የወጣው ኃላፊው ነው። በቀጥታ ወደ እሷ መጣ፤ እናትየዋ ከጉቶው ብድግ አለች።

"ሦስት ሳምንት ያስጠናኋትን ነገር በአስራ አንድ ሰው ፊት ስሕተት ነው አለች" አላት።

"ጌታዬ፣ ልጅ ናት፤ ይቅር..."

"እስቲ ልጨርስ። እኔ አስራ አንድ ዓመት በዚያ ሳጥን ፊት ቆሜያለሁ። እጥፉ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ቀይ ነገር እንዳለም አይቻለሁ፤ ቆሻሻ ነው ብዬ አለፍኩት። ያወቅኩትን ነገር ደግሜ ማየት አልፈለግኩም።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ይህች ልጅ ለማየት ተንበረከከች፤ ያየችውንም ተናገረች። ይህ ቤት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።" ወደ ሽማግሌው ዞረ። "አባባ፣ ክሩን ነገ ይዘህልኝ ትመጣለህ፤ ከመርፌው ጎን ይቀመጣል።"

ከኪሱ አንድ ረጅም ጥቁር ቁልፍ አወጣና ወደ ኋላ ዞሮ ለልጅቷ ዘረጋላት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

"አንድ ነገር ብቻ" አለ ኃላፊው። "ኮትሽ ከኋላው ነጭ ክር አለበት።"

እናትየዋ ዐይኗን ጨፈነች።

"አውቃለሁ" አለች ልጅቷ። "ጠዋት መስታወት ላይ አይቼዋለሁ። እማዬ የሠራችው ፋሽን መስሎኝ ነው።"

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ኃላፊው፣ እሱም መሳቅ እንደሚችል ገርሞት። እናትየዋ ሳቅና ለቅሶዋ ተደበላልቆባት የመሀረቧን ጫፍ ነከሰች።

መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ልጅቷ ወጥ ቤቱን አየች፣ ኮሪደሩን አየች፣ የሚጽፍበትን ክፍል ደጋግማ አየች። ሁሉም ወጡ። በሩ አሮጌ ነው፤ ቁልፉ የሚዞረው በሩ ትንሽ ወደ ላይ ከተነሣ ብቻ ነው፤ ሽማግሌው እንዴት እንደሚነሣ አሳያት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በሩን በጉልበቷ ደገፈች።

እናቷ ከኋላዋ ቀረበች፣ መቀሷን አወጣች፣ ነጩን ክር ቁርጥ አድርጋ በአንድ ስባ አወጣችው። የኮቱ ስንጥቅ ተከፈተ። ክሩን መሬት አልጣለችውም፤ በጣቷ ላይ ጠምጥማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቁልፉ ዞረ። ልጅቷ እጀታውን አንድ ጊዜ ነቀነቀችው፣ ለሌባ። ሁለተኛ ነቀነቀችው፣ ለነፋስ። ከዚያ ፈቀቅ አለችና ሦስተኛውን ለእናቷ ተወችላት።